የዋሽንግተን መንገድ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ደብረ ብርሃን የሚኖሩት አክስቴ አሜሪካ ያለች ልጃቸውን አራስ ለመጠየቅ ሲሰናዱ አስጠሩኝና፣ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፤ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ «አላውቅም» የሚለው ቃል ካፌ በቀላሉ አይወጣም። ስልኬን ካንገቴ ዝቅ ብዬ ነካ ነካ አደረግሁና የሁለቱን ከተሞች ስም ጽፌ የመጣልኝን አነበብሁላቸው፤ ካዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የበረራው ጊዜ 13 ሰዓት ገደማ። «እንግዲህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ከተነሡ በማግሥቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ፤ ምሳዎን ከልጅዎ ጋራ ይበላሉ» አልኋቸው። መረቁኝ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ያ ምርቃት ስለሚከነክነኝ ነው።

አክስቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። የተነሡት ሐሙስ ማታ ነበርና መንገዱ የሚውለው ዓርብ ነው። የንስሐ አባታቸው ስለ ሕመማቸው ሰዓቱን ቢፈቅዱላቸውም የፍስክ ምግብ ግን ባፋቸው አይዞርም። በኔ ሒሳብ መንገዱ አንድ ሌሊት ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦና አንድ እፍኝ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ድርቆሹ ለልጃቸው በትልቁ ሻንጣ ገባ። ይህም የጥንት ልማድ ነው፤ ባገራችን ስንቅ የሚቋጠረው በመንገዱ ልክ ነው። መንገዱን የለካሁላቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሊነጋጋ ሲል አይሮፕላኑ ዝቅ ማለት ጀመረ። አክስቴ «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። የደረሱት ግን ነዳጅ ወደሚቀዳበት ከተማ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ «እማማ፣ ገና ነው፤ ይቀመጡ፤ ከዚህ በኋላ ውቅያኖሱ አለ» አላቸው። ቆሎው ያን ጊዜ አልቋል፤ የጧቱ ክኒን ተውጧል፤ የቀረበላቸውንም ምግብ ቅቤ ይኖርበታል ብለው መልሰውታል። በውቅያኖሱ ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። ነገሩ የገባት አንዲት አስተናጋጅ ፈጥና የብርቱካን ጭማቂ አምጥታ ባታጠጣቸው ኖሮ ምን ይሆኑ እንደ ነበር ለማሰብ እፈራለሁ። ልጃቸው በመድረሻው አዳራሽ ስትቀበላቸው ፊታቸው አመድ መስሎ እንዳገኘቻቸው ነግራኛለች። እኔን ግን አልወቀሰችኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ያ 13 ሰዓት ከየት መጣ? ነገሩን ኋላ ላይ ቁጭ ብዬ መረመርሁት። መሣሪያው የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው። ምድር ድቡልቡል ስለ ሆነች በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚያልፈውን አጭሩን ቅስት ይለካል፤ ይህ ቅስት ካዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ ሱዳንንና የሊቢያን በረሃ አቋርጦ፣ በስፔን አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። ርዝመቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ይህን አንድ የዛሬ ጄት በሰዓት ለሚበረው 900 ኪሎ ሜትር ያህል ያካፍለዋል፤ 13 ሰዓት ገደማ ይወጣል። ማካፈሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን በዚያ ቅስት ላይ ዳገት የለም፣ ነፋስ የለም፣ ነዳጅ መቅጃ የለም፣ የፓስፖርት ሰልፍ የለም፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድም የለም። መንገደኛዋም የለችበትም።

ዳገት ስል አንባቢ በሰማይ ላይ ምን ዳገት አለ ይለኝ ይሆናል። አለ፤ እንዲያውም የነገሩ ቁም ነገር እርሱ ነው። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ሲሆን፣ ዋሽንግተን ያለው የደለስ ማረፊያ ግን መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍን የሚሸከመው አየር ነው፤ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። አይሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ርዝመት ያለው ሜዳ ይሻል። የቦሌ ሜዳ 3,800 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እሱም ቢሆን ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ዕቃና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ሙሉ ነዳጅ ለጫነ አይሮፕላን ይጠበዋል። ስለዚህ ወይ ሰው ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጅ ይቀነሳል። ነዳጁ ይቀነስና በመንገድ ዝቅ ያለ አገር ላይ ታርፎ ይሞላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በየጊዜው በሮም፣ በደብሊን፣ በሎሜ ማረፉ ከዚህ የተነሣ ነው። የተጫነ አጋሰስ ዳገት ሲያጋጥመው ነጋዴው ከጭነቱ እንደሚያቀልለት ማለት ነው።

ሲመለስ ግን አይሮፕላኑ ከቆላ ይነሣል። አየሩ ወፍራም ስለ ሆነ ጋኑን ሞልቶ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። በዚያ ላይ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በከፍታ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ፣ ሲመጣ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ከፊት ይገታዋል። በዚህ ምክንያት ያው መንገድ ሲሄዱበት 17 ሰዓት ያህል፣ ሲመለሱበት 13 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እኔ ላክስቴ የነገርኋቸው የመመለሻውን ነበር!

ይህ የከፍታ ነገር አዲስ አይደለም፤ ያገራችን የአይሮፕላን ታሪክ በሙሉ ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአየር መንገዱ አይሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር መነሻው የልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ ልደታ ስላልበቃቸው ቦሌ ተሠራ። በግንቦት 1976 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የተገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከ13 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ በመብረር በባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላኖች ዘንድ በዚያ ጊዜ ያልታየ የርቀት ድል አገኘ። ሁላችንም በዚህ ልንኮራ ይገባናል። ሆኖም ልብ ብሎ ላስተዋለው፣ ድሉ የተገኘው ከየት ወደ የት ነው? ከቆላ ወደ ደጋ ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ባፍሪካ የመጀመሪያው ቦይንግ 787 ለአየር መንገዱ ሲደርሰው፣ እሱም ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ ገባ። እዚህም አቅጣጫው ያው ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ የታሰበው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ስፍራ ላይ መሆኑ የዳገቱን ክብደት ሊያቀልለው ይችላል። እስከዚያው ግን ዳገቱ አለ፤ ዳገት መኖሩንም ለመንገደኛው መንገር ይገባል።

አባቶቻችን ርቀትን በቀን ይለኩት ነበር። «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ሲባል፣ ወንዝ ሞልቶ የሚታደርበት፣ በቅሎ የምትግጥበት፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም ተቆጥሮበት ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው ስፍራ ባይን ሲታይ እጅ ተዘርግቶ የሚነካ ይመስላል፤ ነገር ግን በመካከሉ የዓባይ በረሃ ስላለ ማንም ነጋዴ ባይኑ ለክቶ ስንቅ አልቋጠረም። ይህን ስል የበቅሎን ዘመን ለመናፈቅ አይደለም፤ እኔ ራሴ በቅሎ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ ለመቀመጥም አልጓጓም። የምለው ልኩ ለመንገደኛው የተሰፋ ነበር ነው። የዛሬው ልክ የተሰፋው ለአይሮፕላኑ ነው።

በዚህ ላይ የሰዓታችንና የቀናችን ነገር አለ። አንድ ቲኬት እንደዚህ ይላል እንበል፤ መነሻ 22:30፣ መድረሻ 08:30። የተማረ ነኝ የሚል ሰው ቢቀናንስ 10 ሰዓት ያገኛል። በመመለሻው ደግሞ መነሻ 11:00፣ መድረሻ በማግሥቱ 07:00፤ ቢቀናንስ 20 ሰዓት። ስለዚህ ቲኬቱን ላነበበ ሰው መሄዱ አጭር፣ መመለሱ ረዥም ይመስላል፤ እውነቱ ግን ግልብጡ ነው። ምክንያቱም በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየአገሩ ሰዓት ሲሆን፣ ዋሽንግተን በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ትቀራለች። እኛ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር 22:30ን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እንለዋለን። አንዲት እናት ሦስት ሰዓት ባንድ ጊዜ በራሷ ተሸክማ ትሄዳለች ማለት ነው፤ የቤቷን፣ የቲኬቱንና የመድረሻዋን።

የቀኑ ነገር ከዚህ ይብሳል። በሠፈራችን አንድ አባት ቲኬታቸው «ጁላይ 15፣ 00:40» ይል ነበር። ጁላይ 15 ሐምሌ 8 መሆኑን ልጆቻቸው አስልተው ነገሯቸው፤ ሒሳቡም ልክ ነበር። እርሳቸውም ሐምሌ 8 ቀን ማታ ዘመድ አስከትለው ቦሌ ቢደርሱ አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በኛ አነጋገር ያ ሌሊት የሐምሌ 7 ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። በፈረንጅ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ቀኑ ተለውጧል። ሸኚው ሁሉ አልቅሶ የሸኛቸው ሰው በማግሥቱ ጧት እቤታቸው ቡና ሲጠጡ ተገኙ። ሠፈሩ ስቋል፤ አዲስ ቲኬት የገዛው ልጃቸው ግን የሳቀ አይመስለኝም።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ እኮ ተጽፏል፤ ማረፊያውም፣ ሰዓቱም፣ ልዩነቱም ቲኬቱ ላይ አለ፤ የጾም ምግብ አስቀድሞ ለጠየቀ ሰው ይዘጋጃል» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደልና መንገዱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው በሚገባ አኳኋን ነው። ከዚህ አገር ወደ ዋሽንግተንና ወደ ሜሪላንድ ከሚሄዱት መካከል ደግሞ ስንቶቹ ላራስ፣ ለሠርግ፣ ለልጅ ምረቃ ሕይወታቸውን በሙሉ አይሮፕላን ሳይሳፈሩ ኖረው ባንድ ጊዜ ውቅያኖስ የሚሻገሩ እናቶችና አባቶች እንደ ሆኑ፣ ቦሌ በር ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ሊመሰክር ይችላል። ለነዚህ ሰዎች ቲኬቱን የምናነብላቸው እኛ ነን፤ ልጆች፣ የወንድም ልጆች፣ ጎረቤት፣ ቲኬት ቆራጭ። ጥፋቱም እኛ ዘንድ ነው። የተማርን ነን እያልን አንድ ቁጥር ካንድ መሣሪያ አንሥተን እንሰጣቸዋለን፤ ቁጥሩ ምን እንደ ለካ ሳንጠይቅ።

ስለዚህ በበኩሌ የማሳስበው ይህን ነው። ቲኬት የሚቆርጥ ሁሉ፣ ትልቁም ይሁን ትንሹ፣ ለመንገደኛው አንድ ወረቀት ባማርኛ ጽፎ ይስጠው፤ በኛ ሰዓትና በኛ ቀን። በአየር ላይ ስንት ሰዓት፣ በመሬት ላይ ስንት ሰዓት፣ የት ላይ ይታረፋል፣ በማረፊያው ይወረዳል ወይስ አይወረድም፣ ስንት ጊዜ ይበላል፣ የጾም ምግብ መቼና ለማን ይነገራል። ለዚህ ገንዘብም ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቲኬት ቆራጩ ባይሰጥ ደግሞ በየቤቱ ፊደል የቆጠረ አለ። «13 ሰዓት ነው» ብሎ ከመገላገል፣ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ያለውን ቁጭ ብሎ ይቁጠር።

እኔ የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። አክስቴ ከደብረ ብርሃን ቤታቸው የወጡት ሐሙስ ጧት 2 ሰዓት ነበር። አዲስ አበባ ገብተው ከቤተ ዘመድ ጋራ ውለው፣ በጊዜ ቦሌ ሄደው ለሻንጣውና ለፍተሻው ተሰልፈው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነሡ። በማግሥቱ በኛ ሰዓት 9 ሰዓት ተኩል ላይ አረፉ። የፓስፖርቱ ሰልፍና ሻንጣው ሁለት ሰዓት፣ የመኪናው መንገድ አንድ ሰዓት። የልጃቸውን ደጃፍ የረገጡት በኛ አቆጣጠር ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ከደጃፍ እስከ ደጃፍ 34 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። እዚያ ግን ገና እኩለ ቀን እንኳ አልሆነም ነበርና፣ እንደ ነገርኋቸው ምሳቸውን ከልጃቸው ጋራ በልተዋል። ትንቢቴ በዚህ ብቻ ተፈጽሟል።

አራት ወር ቆይተው በኅዳር ሲመለሱ ቦሌ ሄጄ ተቀበልኋቸው። ደኅና ነበሩ። በመኪና ውስጥ፣ «ስመጣ መንገዱ አጠረልኝ፤ ወዳገር ሲመጡ እንዲህ ነው መሰለኝ» አሉኝ። እኔም ስለ ሳሳው አየር፣ ስለ ነዳጁና ከምዕራብ ስለሚነፍሰው ነፋስ አንድ ባንድ አስረዳኋቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡኝና፣ «ይህን ሁሉ ስታውቅ ኖረህ ነው አንድ እፍኝ ቆሎ አስቋጥረህ የሰደድከኝ?» አሉኝ። የተማርሁት እርሳቸው ከሄዱ በኋላ መሆኑን ብነግራቸው ሳቁ።

አንድ ነገር ግን በዚያው ቀን ከርሳቸው ተማርሁ። የእጅ ሰዓታቸውን አየሁትና ሳይስተካከል ከዋሽንግተን የመጣ መስሎኝ ላስተካክልላቸው ብጠይቅ፣ «ተወው፤ አልነካሁትም» አሉኝ። አራቱንም ወር ሰዓታቸው ያዲስ አበባን ሰዓት ሲቆጥር ኖሯል። በመንገድም ክኒናቸውን የዋጡት በርሱ ነው። አይሮፕላኑ ውስጥ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሌሊት ይሁን ቀን በማይለይበት ሰዓት፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ስንት ሰዓት እንደ ተጓዙ በትክክል የሚያውቁት እርሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው የልጅ ልጅ ሊወለድ ነውና መንገዱ ተቆርጧል። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሄጄ ሳለሁ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ስልኬን አላወጣሁም። ወረቀት አስመጥቼ ከቤታቸው ደጃፍ ጀምሬ በኛ ሰዓት ጻፍሁላቸው፤ የት እንደሚታረፍ፣ ሲታረፍ ከወንበራቸው እንዳይነሡ፣ የጾም ምግብ እንደ ታዘዘላቸው፣ ክኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ። ከግርጌው «ጠቅላላ 34 ሰዓት ተኩል» ብዬ ጻፍሁ። አነበቡት፣ አጠፉትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ለሠራተኛዋ፣ «ገብሱን ሁለት ቁና አድርጊው» ሲሉ ሰማሁ።